ቆጣሪው የማን ነው?

ቀድሞ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ከቤት ሲወጣ፣ እናት በር ላይ ቆማ የምትጠይቀው ስለ ስንቁ ነበር። ዳቦ ቆሎው ተቋጥሯል? በሶው አልተረሳም? ዛሬም እናት በሩ ላይ ቆማ ትጠይቃለች፤ የምትጠይቀው ግን “ቻርጀርህን ይዘሃል?” ብላ ነው። ስንቁ ተለወጠ እንጂ ጭንቀቱ ያው ነው። ሰው መንገድ ላይ ምን እንደሚያልቅበት ስንቁ ይናገራል። የድሮው መንገደኛ ጉልበቱ እንዳያልቅ ይሠጋ ነበር፤ የዛሬው ባትሪው እንዳያልቅ ይሠጋል።

በነገሩ ስቆ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከዚህች ቀጭን ገመድ ጀርባ ከባድ ጥያቄ ተደብቋል ባይ ነኝ። እንግዳ ሆኜ በሰው ቤት ወይም በሰው ቡና ቤት ስልኬን ስሰካ ከባለቤቱ የምወስደው ነገር ምንድን ነው? ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ ማንም ሊከለክለኝ የማይገባ መብቴ? ባለቤቱ ቢከለክለኝ ንፉግ ነው? ሳልጠይቀው ብሰካስ እኔ ምን ልባል?

እስቲ በመስቀል ሰሞን ወደ ቡኢ አብረን እንውረድ። መንገዱን የማያውቅ ካለ፣ ከአዲስ አበባ በዓለም ገና ይወጣል፤ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ይሻገራል፤ ጢያን ከነትክል ድንጋዮቿ ያልፋል፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የሶዶ ወረዳዋን ከተማ ቡኢን ያገኛታል። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ እንደሚገባ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ሰሞን መርካቶ ይሳሳል፤ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። ሻንጣው ውስጥ ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለሕፃናቱ ጫማ አለ። ከጋቢው ሥር ደግሞ እንደ እባብ የተጠቀለለ ገመድ ሞልቷል፤ የስልክ ቻርጀር፣ የላፕቶፕ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫው ቻርጀር፣ “ለምናልባቱ” ተብሎ የተያዘ ሌላ ቻርጀር፣ እነዚህ ሁሉ ባይሆኑ የሚደርስ ፓወር ባንክ። ክትፎው እንደሚጠብቅ የታወቀ ነው፤ መብራቱ መጠበቁ ነው የማይታወቀው።

ከውጭ የመጣውማ ጣጣው ብዙ ነው። የአሜሪካው ቻርጀር ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ አለው፤ የእኛ ግድግዳ የለመደው ክብ ጥርስ ነው። ማስማሚያዋን ካልያዘ ያ ሁሉ ዶላር የወጣበት ዕቃ ግድግዳ ሥር ቆሞ ይለምናል። ጥርሱ ቢገባለትም ገና ነው፤ እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። ቻርጀሩ ላይ በጥቃቅን ፊደል “ከ100 እስከ 240” የሚል ከተጻፈ ተርፏል። 120 ብቻ የሚል የፀጉር ማድረቂያ ይዛ የመጣች እህት ግን ፀጉሯ ሳይደርቅ ጭስ ታያለች።

ቤት ደረስን እንበል። ሳሎኑ ያለው አንድ ሶኬት ነው፤ እሱንም ቴሌቪዥኑ ይዞታል። ከየከተማው የገቡ ስምንት ወንድምና እህት፣ አሥራ ምናምን ስልክ፣ አንድ ዲቫይደር። የዲቫይደሩ አንዱ ቀዳዳ ደግሞ አይሠራም። የመጀመሪያው ምሽት ሳቅ ነው። “የኔ አምስት ፐርሰንት ናት፣ ያንተ አርባ ነው፣ አንሣው!” እየተባባሉ ተራ ይይዛሉ። በሁለተኛው ምሽት ተራ የለም፤ ማንም ሳያይ የሰው ስልክ ይነቀልና የራስ ስልክ ይሰካል። “ማነው የነቀለው?” ሲባል ሁሉም ቴሌቪዥን ያያል። ወንድማማቾች በርስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በሶኬት ሲጣሉ ግን ሽማግሌ የሚጠራ የለም፤ ያሳፍራላ!

አባቶቻችን ይህን ለሚመስል ነገር ሕግ ነበራቸው። ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ ምድጃዋ የጠፋባት ሴት ገል ወይም ኩበት ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፤ “እሳት ልጭር” ትላለች። እሳት የሚከለክል ጎረቤት ከሰው አይቆጠርም ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከፍም ላይ ፍም ቢወሰድ ምድጃው አይጎድልም። በእስልምና ዘንድም ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን የሚያስተምር የታወቀ ሐዲስ አለ። ቡኢና ቡታጅራ አካባቢ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ነው የሚኖረው፤ እሳትን በመከልከል ነውርነት ላይ ሁለቱም አይለያዩም።

እንግዲህ ኤሌክትሪክ የዘመኑ እሳት ነው ካልን ክርክሩ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። እሳትና ኤሌክትሪክ አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው። ምድጃ ቆጣሪ የለውም። እሳት የጫረችው ጎረቤት ከሄደች በኋላ በወሩ መጨረሻ ለባለቤቲቱ የሚመጣ ደረሰኝ አልነበረም። ኤሌክትሪክ ግን ግድግዳው ላይ አንድ የማይተኛ ጸሐፊ አለው። ስትሰኩ ይጽፋል፣ ስትነቅሉ ያቆማል። ባለ ካርድ ቆጣሪ ከሆነማ ደረሰኝ እስኪመጣ እንኳን አይጠብቅም፤ እያያችሁት ይቀንሳል።

ታዲያ ምን ያህል ነው የሚጽፈው? እስቲ እናስላው። የዛሬ ትልልቅ ስልኮች ባትሪ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል። ይህ ወደ 19 ዋት ሰዓት ይሆናል። በመንገድ የሚባክነውን ጨምረን 25 እንበለው። እንግዲያው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ አርባ የሚሆን ስልክ ከባዶ ይሞላል ማለት ነው። አነስተኛ ተጠቃሚ የሆነ ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ይከፍል የነበረው 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። አንድ ስልክ አንድ ሳንቲም እንኳን አትሞላም ነበር! ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ቢመጣም፣ ዛሬም ነገሩ ከሳንቲም ቤት አይወጣም። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ለእናንተ ብላ አንድ ሰዓት እንጀራ የጋገረች እናት ከመቶ በላይ ስልክ የሚሞላ ኃይል አፍስሳለች። ክትፎውን፣ አይቡን፣ ቅቤውን ሳትቆጥር ያቀረበች ሴት የስልካችሁን ሳንቲም ትቆጥራለች ብሎ ማሰብ እሷን መስደብ ነው።

ስለዚህ ሒሳቡ የሚነግረን ነገር አለ፤ ጠቡ የኤሌክትሪክ ዋጋ ጠብ አይደለም። ስትሰኩ የምትወስዱት ከኃይሉ ይልቅ ቦታውንና ተራውን ነው። ሶኬቱ አንድ ነው፤ እናንተ ከያዛችሁት ሌላው አልያዘውም። ከዚህም በላይ የሰውዬውን እምነት ትወስዳላችሁ። ቤቱ ገብታችሁ፣ ግድግዳው ሥር ጎንበስ ብላችሁ፣ ምኑን ነቅላችሁ ምኑን እንደምትሰኩ ሳያይ ትቷችኋል።

መንገድ ዳር ያለች ቡና ቤት ውስጥ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መኪናው ለምሳ ይቆማል። አንድ ተሳፋሪ ይገባና፣

“እማማ፣ ይህቺን ስልክ ትንሽ ልሰካት?” ይላል።

“ስካት ልጄ፣ ምን ገዶኝ። ብቻ ማቀዝቀዣውን እንዳትነቅለው።”

ልጁ ማቀዝቀዣውን ይነቅላል። ስልኩ ሞልቶ፣ ምስጋና አቅርቦ፣ መኪናው ጡሩንባ ሲነፋ እየሮጠ ይሄዳል። ማቀዝቀዣው እንደተነቀለ ይውላል። ማታ ላይ ሥጋው ጠረኑን ለውጦ ሲገኝ የሴትዮዋ ኪሳራ የሳንቲም አይደለም። በሳምንቱ ግድግዳው ላይ “ስልክ መሰካት ክልክል ነው” የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መንገደኛ ወረቀቱን አይቶ “ወይ ጊዜ! አገሩ ሁሉ ከፋ፣ እሳት እንኳን የሚከለከልበት ዘመን መጣ” እያለ ያማርራል። ወረቀቱን የለጠፈችው እሷ ናት፤ ያስለጠፋት ግን ማነው?

ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቆጣሪ መኖሩ ክፉ አይደለም። ክፋቱ የሚመጣው ቆጣሪው ያለ ቦታው ሲቀመጥ ነው። ሰጪ የሚሰጠውን ሲቆጥር ስጦታው ይበላሻል። ተቀባይ የሚቀበለውን ሳይቆጥር ሲቀር ደግሞ ሰጪው ይበላሻል፤ መቁጠር ይጀምራላ። ደጉ ባለቤት ቆጣሪ የሌለው ያህል ይስጥ። ደጉ እንግዳ ግን ቆጣሪውን በልቡ ይዞ ይግባ፤ ስንት ሰዓት ሰካሁ? የማንን ተራ ያዝኩ? ምን ነቀልኩ? መልሼ ሰክቻለሁ? ዛሬ የምናየው ብዙ ጊዜ የዚህ ግልባጭ ነው። የሚቆጥሩ ባለቤቶችና የማይቆጥሩ እንግዶች በዝተውብናል። ከዚያ ሁለቱም ወገን “ደግነት ጠፋ” እያለ ያለቅሳል።

“ዘመድ ከዘመድ ይቆጥራል እንዴ? መቁጠር እኮ የንፉግ ነው” የሚል አይጠፋም። አይደለም። ዕቁብን ተመልከቱ። ጉራጌ በዕቁብ ስሙ የተነሣ ሕዝብ ነው። ዕቁብ ከመቁጠር ውጭ ምንድን ነው? ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው። ግን ልብ በሉ፤ በዕቁብ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው አጥብቆ የሚቆጥረው ያለበትን ዕዳ ነው። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው ቀን ሳያጓድል የሚጥለው፣ የበላውን ስለቆጠረ ነው። የወሰደውን የሚቆጥር ሰው ባለበት ነው ሌላው ሳይፈራ የሚሰጠው። እንዲያውም ወደ ቡኢ የሄድንበት ራሱ መንገዱ ምስክር ነው። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ በ1950ዎቹ ሲጠነሰስ፣ የክስታኔ ጉራጌ ተወላጆች ተሰባስበው፣ ገንዘብ አዋጥተው ነው የገፉበት። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው” ማለት ይህ ነው። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚነዳ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ማን ስንት እንዳዋጣ አያውቅም፤ ያዋጡትም ደረሰኝ ይዘው አልቆሙበትም። ዕዳውን ማስታወስ የሚገባው የሚነዳው ነው።

ጊዜው ደግሞ ማምለጫችንን ሁሉ እየዘጋብን ነው። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ቻርጀር መከልከል ቀላል ነበር። “ኖኪያ ናት? ቀጭኗ ናት ወፍራሟ?” ብሎ መጠየቅ ነው። ጠያቂው “ወፍራሟ” ካለ፣ “ውይ፣ የኔ ቀጭኗ ናት” ብሎ መገላገል። ማንም ሳይቀየም፣ ማንም ሳይሰጥ ነገሩ ያልቅ ነበር። አሁን ግን ዓለም ወደ አንድ መሰኪያ እየሄደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ሁሉ አንድ ዓይነት መሰኪያ፣ ያንን “ታይፕ ሲ” የምንለውን፣ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ውጤቱ እዚህም ደርሷል። “አይገባልህም” የምትለዋ ምክንያት ሞታለች። ከእንግዲህ ወይ እንሰጣለን፣ ወይ ፊት ለፊት “አልሰጥም” እንላለን። መሣሪያዎቻችን ተመሳሰሉና ልባችን ብቻውን ተጋለጠ።

“ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ፓወር ባንክ ነው፤ የራሴን ይዤ ከማንም ደጅ አልቆምም” የሚል ኩሩ መንገደኛም አለ። ይህም ሰው እውነት አለው። ለራሱ ተዘጋጅቶ የሚወጣ ሰው ለሌላው ሸክም አይሆንም። በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነም ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣው እንጂ ወደ ታች በሚጫነው ሻንጣ እንደማያስገባ፣ ከ100 ዋት ሰዓት የበለጠውን ደግሞ አየር መንገዱን ሳያስፈቅድ እንደማይዝ ያውቃል፤ ሊትየም ባትሪ እሳት ከተነሣበት ለሁሉም ተሳፋሪ ነውና። ግን ይህን ሰው ልንፈትነው እንችላለን። መኪናው ጢያ ሳይደርስ ተበላሸ እንበል። መሽቷል፤ ዝናብ አለ። ከጎኑ የተቀመጠች ሴት ቡታጅራ ሆስፒታል የተኛ ታማሚ አላት፤ ስልኳ ዘግቷል። የእሱ ስልክ ስድሳ ፐርሰንት ነው፤ ፓወር ባንኩም ግማሽ ነው። ይሰጣታል?

የመጽሐፍ ቅዱስን የአሥሩን ደናግል ምሳሌ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሊከራከረኝ ይችላል። ልባሞቹ ለሰነፎቹ ዘይት አላካፈሉም፤ ሂዱና ግዙ ነው ያሏቸው። እኔ የሚገባኝ ምሳሌው የሚናገረው ማንም ለማንም ሊያበድረው ስለማይችለው ዝግጁነት እንደሆነ ነው። ዕድሜያችሁን ሁሉ ያልተማራችሁትን ትዕግሥት በመጨረሻዋ ሌሊት ከጎረቤት አትበደሩትም። ባትሪ ግን እንዲህ አይደለም። በመቶኛ ተከፍሎ የሚታይ፣ አሥሩ ቢሰጥ ሃምሳው የሚቀር ነገር ነው። በመቶኛ የሚታይን ነገር “ለሁለታችን አይበቃም” ብሎ መከልከል የሚቻለው እውነት በማይበቃበት ጊዜ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ስልክ መዝጋት ማለት ዛሬ ወሬ መቅረት ማለት ብቻ አይደለም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከመጣ በኋላ የብዙ ሰው ኪስ ስልኩ ውስጥ ገብቷል። ባትሪው ሲያልቅ ገንዘቡም ያልቃል። የመኪናው ታሪፍ፣ የምሳው ሒሳብ፣ የመድኃኒቱ ዋጋ አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ያንን የቤታችንን አንድ ሶኬት በማዕረግ ማደላደል አይቻልም። የታላቅ ወንድም ስልክ ለፊልም፣ ከውጭ የመጣው የአጎት ልጅ ሦስት ዕቃ ለፎቶግራፍ ተሰክቶ ሳለ፣ በሩ ላይ አንዲት የጎረቤት ልጅ ቆማ ሊሆን ይችላል። ቤታቸው መብራት አልገባም ወይም ተቋርጧል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ይወጣል የተባለው ዛሬ ነው። እሷ አትጠይቅም፤ ታፍራለች። እንግዳ ሲበዛ የቤቱ ጎረቤት ወደ ኋላ ይላል። በዚህች ቅጽበት የመጀመሪያው ተራ የማን ነው? ለእኔ ተራው የሚሰጠው ስልኩ ቢዘጋ የበለጠ ለሚጎዳው ነው። ይህንን ለማወቅ ደግሞ ከስክሪኑ ቀና ብሎ በሩ ላይ የቆመውን ማየት ያስፈልጋል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። 5150 ሜጋዋት ነው የተባለው። ሊስትሮው ቦንድ ገዝቶበታል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን ሰጥቶበታል። ትልቁን ኃይል አንድ ላይ ሆነን ማዋጣት አላቃተንም። የሚያቅተን ትንሿን ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለችውን ሁለት ቀዳዳ። ለትልቁ ነገር ሁሉም ሰው ይመለከታል፣ ይጨበጨባል። ሶኬቱ ሥር ግን ጎንበስ ስንል የሚያየን የለም።

የመስቀል ሰሞን አልፎ ሁሉም ወደየከተማው ሲመለስ፣ በየቤቱ አንድ ነገር ይቀራል፤ የተረሳ ቻርጀር። አንዱ ሶኬት ላይ፣ አንዱ ፍራሽ ሥር፣ አንዱ መስኮት ላይ። ባለቤቱ ደብረ ዘይት ሲደርስ ወይም ዋሽንግተን ሲገባ ያስታውሰዋል፤ ይበሳጫል፤ ሌላ ይገዛል። እናት ግን አትጥለውም። በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ባለቤቱ ይመለስ ይሆናል ብላ። እስኪመለስ ደግሞ ቻርጀር የሌለው መንገደኛ ይመጣል፤ ያቺ የጎረቤት ልጅ ትመጣለች። እንግዲህ በሚመጣው መስቀል ሻንጣችሁን ስታዘጋጁ፣ “ለምናልባቱ” ብላችሁ የምትይዙትን ያንን ትርፍ ቻርጀር መልሳችሁ አታምጡት። አውቃችሁ እዚያው እርሱት።